የረቡዑ ቃለ ምልልስ የት ገባ? ከዕለታዊ ባክአፕ ሰርቨርን መልሶ ስለማቋቋም

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት የክፍላችን ሰርቨር ሃርድ ዲስክ አልነሳም ማለቱ ነው። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የምታውቁት ነው፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠው፣ አቧራ የማይለየው፣ ሊነክስ የተጫነበት ኮምፒውተር። ሆኖም የልምምድ ጋዜጣችን ጽሑፎች፣ የሬዲዮ ሥራዎቻችን ድምፅ፣ ፎቶግራፎችና የተመራቂዎች የማሟያ ሥራዎች የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው። ዲስኩ ሲበራ ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይሠራም። ቴክኒሽያናችን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና "ይሄ አልቆለታል" አለ። ቀጥሎ "ግን ባክአፕ አለ" ሲል ሁላችንም ተነፈስን።

በሚቀጥሉት ቀናት ከባክአፑ ፋይሎቻችንን ስንመልስ ቴክኒሽያኑን አግዝ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት እሱ አንብቦ የተሳሳትኩትን አርሞልኛል። ዓላማዬ በሥራው ውስጥ ያየነውን አንድ በአንድ ማካፈል ነው። ሁላችንም ሥራችንን እዚያ ሰርቨር ላይ ስለምናስቀምጥ ጉዳዩ የቴክኒሽያን ብቻ አይደለም ባይ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ላግዝ ብዬ የገባሁት በቅንነት ብቻ አልነበረም፤ ጉዳይ ነበረኝ። ረቡዕ ኅዳር 11 ቀን ከአንድ አዛውንት ጋር ቃለ ምልልስ አድርጌ ነበር። አባባ በወጣትነታቸው ማተሚያ ቤት ተቀጥረው የእርሳስ ፊደል በእጃቸው እየለቀሙ ጽሑፍ ይደረድሩ የነበሩ ሰው ናቸው። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ሰባት መልክ ስላለው የፊደል ሳጥኑ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ክፍል እንዳለው፣ "ሸ" ከ"ሰ" ጋር እንዳይቀላቀል ዓይን ሳይሆን ጣት እንደሚያውቀው ሲነግሩኝ ጣቶቻቸውን አየር ላይ ያንቀሳቅሱ ነበር። በመሃል ቡና ሲመጣ መቅረጸ ድምፁን አጠፋሁ፤ ቀጥሎ እንደገና አበራሁት። ስለዚህ ሁለት ፋይል ሆነ፤ አንደኛው 18 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 31 ደቂቃ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሰርቨሩ ገለበጥኩት። መቅረጸ ድምፁን ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ተማሪ ስለነበረ የዚያኑ ቀን መለስኩ። ፍላሼ ሞልቶ ነበርና "ሰርቨሩ ላይ አለ፣ ባክአፕም አለው" ብዬ ሌላ ቅጂ አልያዝኩም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። በየቀኑ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሁሉ መቅዳት ጊዜም ቦታም ይፈጃል። ስለዚህ የኛ ሰርቨር እሑድ ማታ ያለውን በሙሉ ጠቅልሎ ውጪ በተሰካ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሙሉ ባክአፕ የሚባለው ይህ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ካለፈው ማታ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይወስዳል። ኢንክሪሜንታል የሚሉት ይህንን ነው፤ እኔ እዚህ ዕለታዊ ጭማሪ እለዋለሁ። ዲፈረንሺያል የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ በየቀኑ ከእሑድ ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ ስለሚደግም ለመመለስ የእሑዱና የመጨረሻው ቀን ሁለቱ ይበቃሉ። የኛ ግን ሰንሰለት ነው። ዲስኩ የሞተው ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ በእጃችን የነበሩት የእሑዱ ሙሉ ጥቅልና ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት አምስት ጭማሪዎች ነበሩ፤ ስድስቱም ያስፈልጋሉ።

እኛ ግን የጀመርነው ከዓርቡ ነበር። "አዲሱ ይሻላል" ያልኩት እኔ ነኝ፤ የዓርቡ ጥቅል የመጨረሻው ስለሆነ ሁሉንም የያዘ መስሎኝ። ተከፈተና 31 ፋይል ብቻ ወጣ። ደንግጠን የእሑዱን እላዩ ላይ ፈታነው። ይሄ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ምክንያቱም ጥቅሉን የሚፈታው ታር የሚባለው ፕሮግራም ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሲያገኝ የትኛው አዲስ ነው ብሎ አይጠይቅም። ካልከለከሉት በቀር በላዩ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ዓርብ የታረመው የጋዜጣው መሪ ዜና በእሑዱ ረቂቅ ተተካ። ያወቅነው በአጋጣሚ ነው፤ ርዕሱ ላይ የነበረውና ሁላችንም የሳቅንበት የፊደል ስህተት ተመልሶ ቁጭ ብሎ አየሁት።

ሁሉንም አጠፋንና እንደገና ጀመርን። ቴክኒሽያኑ በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ላይ ግትር አለ። አንደኛ፣ የባክአፑን ዲስክ ሳንነካ ሙሉ ቅጂውን በሌላ ዲስክ ላይ እናድርግ አለ፤ "ያቺ አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ከእጃችን ብትወድቅ ምን ልንል ነው?" ሁለተኛ፣ የምንፈታው በአዲስና ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ ከእሑድ ጀምሮ በቀናቱ ቅደም ተከተል ይሁን አለ። ቅጂው ግማሽ ቀን ወሰደብን። ችኩል ስለሆንኩ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን የረቡዑን ጥቅል ስንት ጊዜ እንደገለበጥነው ሳስብ እግዜር ይስጠው እላለሁ።

እሑድ ተፈታ። ሰኞ ተፈታ። ማክሰኞም ተፈታ። ረቡዕ ላይ ተሰበረ። ፕሮግራሙ የሰጠን መልእክት ፋይሉ ባልተጠበቀ ቦታ አለቀ የሚል ነው። ዲስኩ ተበላሽቶ ነው? ኬብሉ ነው? አንድ ሰዓት ያህል ኬብል ስንቀያይር ቆየን። ከዚያ ቴክኒሽያኑ የጥቅሉን መጠን በባይት አስነበበና ዝም አለ። ቁጥሩ 4,294,967,295 ነበር።

ይህን ቁጥር ብታዩት እንደማንኛውም ቁጥር ነው። ለሚያውቅ ሰው ግን ፊርማ ነው። ሁለት በራሱ 32 ጊዜ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር አንድ ሲቀነስ ነው፤ ማለትም ከ4 ጊጋባይት አንድ ባይት የጎደለ። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም። የኛ የውጪ ዲስክ ሊነክስም ዊንዶስም እንዲያነቡት ተብሎ በፋት 32 የተዘጋጀ ነበር። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው (አሁን ክፍሉ ውስጥ የለም) ይህን ያውቅ ነበር። ምክንያቱም የእሑዱን ትልቅ ጥቅል አንድ አንድ ጊጋባይት እያደረገ እንዲቆራረጥ አዝዟል። የዕለቱን ጭማሪ ግን አልቆራረጠም። መቼም በአንድ ቀን ያን ያህል አይለወጥም ብሎ ይሆናል። በዚያ ረቡዕ ግን ሦስተኛ ዓመቶች የመስክ ጉዟቸውን ቪዲዮ በሙሉ ገልብጠው ነበር። ጥቅሉ እየተጻፈ 4 ጊጋባይት ሲሞላ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር ልጥቀስ። የተቆረጠ ጥቅል እንዳለ የሞተ አይደለም። ከመጀመሪያው እስከ ተቆረጠበት ድረስ ያለው ይነበባል፤ እኛም አብዛኛውን ቪዲዮና ጥቂት ጽሑፎችን አወጣን። በተጨማሪም ረቡዕ ተለውጦ ሐሙስ ወይም ዓርብ እንደገና የተነካ ፋይል በነዚያ ቀናት ጥቅል ውስጥ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። የኛ ጭማሪ የሚወስደው ፋይሉን ሙሉ በሙሉ እንጂ የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቁራጭ ብቻ የሚወስዱ ሥርዓቶች አሉ፤ በነሱ አንድ ቀለበት ሲበጠስ ከሱ በኋላ ያሉት ብቻቸውን አይረቡም። እንግዲህ በኛ የጠፋው ረቡዕ ተነክቶ ከዚያ ወዲህ ያልተነካ፣ ከመቆረጫውም በኋላ የነበረ ብቻ ነው። የክፍሉን ተማሪዎች አንድ በአንድ "ረቡዕ ምን ሠራችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። እንደ ዘገባ ሥራ ነበር፤ ግማሹ አያስታውስም። በመጨረሻ 14 ፋይሎች ተቆጠሩ፤ 11ዱ በየሰዉ ፍላሽና ኢሜይል ውስጥ ተገኙ። ከቀሩት ሦስት ሁለቱ የኔ ናቸው።

እሺ፣ ስክሪፕቱስ ለምን ዝም አለ? ውጪው ዲስክ ላይ የሚጻፈው የሎግ ፋይል በየቀኑ "ተጠናቋል" ይላል፤ ረቡዕም እንደዚሁ። ስክሪፕቱን ከፍተን ስናይ "ተጠናቋል" የሚለው ቃል ሥራው ተሳካ አልተሳካ ሳይጠየቅ ከመጨረሻው መስመር ላይ የሚጻፍ ነው። እንደ ዕለቱ ቃለ ጉባኤ፣ ስብሰባው ቢበተንም "በሰላም ተጠናቀቀ" እንደሚባለው ማለት ነው። ስህተቱ ግን ፈጽሞ አልተነገረም ማለት አይደለም። በሊነክስ ላይ በሰዓቱ ሥራ የሚያስነሳው ክሮን የሚባለው ፕሮግራም ሥራው ያሰማውን መልእክት ለሥራው ባለቤት ደብዳቤ አድርጎ ይልካል። የኛ ሥራ ባለቤት ሩት ነው፤ ማለትም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ የሚገባበት ስም። የሩትን የመልእክት ሳጥን በእሑዱ ጥቅል ውስጥ አገኘነው። ማንም ከፍቶት አያውቅም። ውስጡ ብዙ ደብዳቤ አለ፤ ከነሱም አንዱ በጥቅምት ወር የመጣ "ፋይሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው" የሚል ነበር። ማለትም ከአደጋው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ያው ነገር ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ ዲስኩ ስላልሞተ ማንም አልጎዳውም።

እኛ ብቻ ነን እንዴ ብዬ ሳፈላልግ ያገኘሁትና በጣም የገረመኝ የጊትላብ ታሪክ ነው። ጊትላብ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 (ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.) አንድ ባለሙያቸው በሌሊት ሥራ ደክሞት፣ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናው ሰርቨር ላይ የነበረውን የመረጃ ቋት አጠፋ። ስህተቱን ነቅቶ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ብቻ ነበር። ወደ ባክአፓቸው ሄዱ፤ ባዶ ሆኖ አገኙት። ባክአፕ የሚሠራው ፕሮግራም ዕትሙ 9.2፣ የመረጃ ቋቱ ደግሞ 9.6 ስለነበረ በየጊዜው ሥራውን ሳይፈጽም ያቆም ነበር። ስህተቱን የሚናገረው ኢሜይልም በትክክል ያልተፈረመ በመሆኑ በመንገድ ላይ ውድቅ እየተደረገ ለማንም አይደርስም ነበር። ያዳናቸው አንዱ ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው፤ የነዚያ ስድስት ሰዓታት ሥራ ግን ጠፋ። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ የወደድኩላቸው ነገር አለ። አልደበቁትም። የመመለሱን ሥራ በዩትዩብ በቀጥታ አሳዩ፤ በኋላም ምክንያቱን ሁሉ ዘርዝረው ጻፉ። እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ድፍረት ያገኘሁት ከዚያ ነው ማለት እችላለሁ።

ወደ ሥራችን ልመለስ። ሐሙስና ዓርብን ከፈታን በኋላ ዝርዝሩን ሳይ አንድ ፋይል ዓይኔ ገባ። የአንዱ የክፍል ጓደኛችን የማስታወሻ ፋይል ነው። ስሙ እንዳይጠቀስ የለመነ የአንድ ምንጭ ሙሉ ስምና ስልክ አለበት። ጓደኛችን ለምንጩ "አጠፋዋለሁ" ብሎ ቃል ገብቶ ማክሰኞ ዕለት አጥፍቶት ነበር። አሁን ተመልሶ መጥቷል! ነገሩ ቀላል ነው፤ የእሑዱ ጥቅል ውስጥ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ጭማሪዎች የተለወጠውን እንጂ የጠፋውን አይናገሩም። የኛ ስክሪፕት "ከዚህ ቀን ወዲህ የተለወጠውን አምጣ" ብቻ ነው የሚለው፤ የጠፋ ፋይል ደግሞ የሚመጣ ነገር የለውም። ስሙ የተቀየረ ፎልደርም በዚሁ ምክንያት በአሮጌውና በአዲሱ ስም ሁለት ጊዜ ወጥቶ አገኘን። የማስታወሻ ፋይሉን ወዲያው አጠፋንና ለባለቤቱ ነገርነው። ፊቱ ነው የጠቆረው። የባሰው ደግሞ የውጪው ዲስክ የአራት ሳምንት ጥቅል ስለሚይዝ ስሙ በነዚያ አሮጌ ጥቅሎች ውስጥ አሁንም ነበር። ስለዚህ ለምንጭ "ከኮምፒውተሬ ላይ አጥፍቻለሁ" የምንለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ በክፍል ውስጥ ብንወያይበት ጥሩ ይመስለኛል። እኔ ከአሁን በኋላ የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ስም ሰርቨር ላይ አልጽፍም፤ ደብተር ይበቃኛል።

የኔ ሁለት ፋይሎች ግን የሉም። በረቡዑ የተቆረጠ ክፍል ውስጥ ነበሩ ብዬ ደመደምኩ። ቴክኒሽያኑም እንደዚያው አሰበ። ብዙም አላዘንኩም፤ አባባ ደግ ሰው ናቸው፣ እንደገና ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ።

ሐሙስ ኅዳር 19 ቀን ማረፋቸውን ሰማሁ።

ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጃቸው፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ አወቁኝና አጠገቤ መጥተው "ልጄ፣ የአባዬ ድምፅ አንቺ ጋ አለ አይደል?" አሉኝ። ምን ልበል? "አዎ፣ ፈልጌ አመጣዋለሁ" አልኩ። ስወጣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ማታውን ላቦራቶሪ ተመለስኩ።

እስከዚያ ድረስ የፈለግነው በየጥቅሉ ውስጥ ምን አለ እያልን ነበር። ያን ማታ ጥያቄውን ገለበጥኩት፤ ይህ ስክሪፕት ምን ይዘላል? ውጪው ዲስክ ላይ ያሉትን የአራት ሳምንት ጥቅሎች ዝርዝር በሙሉ አወጣሁና ከዚያው መቅረጸ ድምፅ የመጡ ፋይሎችን ብቻ ፈለግሁ። ባለፉት ሳምንታት ሌሎች ተማሪዎችም ተጠቅመውበት ነበርና ብዙ ናቸው። ሁሉም እሑድ ውስጥ አሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባሉት ጥቅሎች ውስጥ ግን አንድም የለም። አንድም! ማክሰኞ የተቀዳም፣ ሐሙስ የተቀዳም፣ የሚገኘው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ከዚያ ቀናቸውን አየሁ። ሁሉም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2010 ይላሉ።

ነገሩ ወዲያው በራልኝ። የክፍሉ መቅረጸ ድምፅ ባትሪው ወጥቶ ሲቆይ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላስተካከለውም። ፋይሉን ከመቅረጸ ድምፁ ወደ ሰርቨሩ ስንገለብጥ ዊንዶስ ፋይሉ የተለወጠበትን ቀን እንዳለ ይዞት ይሄዳል። ስክሪፕቱ ረቡዕ ማታ "ከማክሰኞ ማታ ወዲህ የተለወጠ አለ?" ብሎ ሲጠይቅ የኔ ፋይል "እኔ ከ2010 ነኝ" ብሎ ይመልሳል፤ ይዘለላል። እሑድ ሁሉም ሳይጠየቅ ስለሚወሰድ ጥፋቱ በየሳምንቱ ይሸፈናል። ስለዚህ የረቡዑ ጥቅል ባይቆረጥም ኖሮ የአባባ ድምፅ በውስጡ አይኖርም ነበር። አራት ቀን ሙሉ የኖረው ያችው የሞተችው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ለቴክኒሽያኑ ሳሳየው የታርን መመሪያ አውጥቶ አነበበልኝ። በቀን የሚመርጠው ትእዛዝ ለኢንክሪሜንታል ባክአፕ መዋል እንደሌለበት በግልጽ ተጽፏል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ሌላ ነው፤ በየፎልደሩ ምን ምን ፋይል እንደነበረ የሚመዘግብ የዝርዝር ፋይል አብሮ ይይዛል። ሊነክስ ለአንድ ፋይል ከአንድ በላይ ቀን እንደሚይዝም ነገረኝ። አንደኛው ይዘቱ የተለወጠበት ነው፤ እሱን ዊንዶስ ከመቅረጸ ድምፁ እንዳለ አምጥቶታል። ሌላኛው ግን ፋይሉ እዚያ ሰርቨር ላይ የተመዘገበበትን ወይም መዝገቡ የተነካበትን ሰዓት ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፍበት ነው፤ ከውጪ ይዞት ሊመጣ አይችልም። በዝርዝር ፋይል የሚሠራው ዘዴ ይህንንም ስለሚያይ አዲስ የገባ ፋይል ቀኑ ያረጀ ቢሆንም አያመልጠውም። ሲመለስም የዚያን ቀን ያልነበረን ፋይል ስለሚያስወግድ የጠፋው ተመልሶ አይመጣም። ሁለቱም ችግራችን መፍትሔው አንድ ነበር፤ መመሪያው ውስጥ ተቀምጦ።

አሁን የተደረገውን ባጭሩ ልናገር። ስክሪፕቱ በዚያ መንገድ ተጽፏል፤ የዝርዝር ፋይሉም ከጥቅሎቹ ጋር በሁለት ቦታ ይቀመጣል። የውጪው ዲስክ ከፋት 32 ወጥቶ በሊነክስ አሠራር ተዘጋጅቷል፤ ዊንዶስ አያነበውም፣ ምንም አይደል። ጥቅሉ ከተሠራ በኋላ ተመልሶ ይነበባል፣ ካልተነበበ "ተጠናቋል" አይልም። የፋይሎቹ ብዛት በየቀኑ ላቦራቶሪው በር ላይ ባለው ወረቀት በእጅ ይጻፋል፤ ተረኛው ተማሪ ነው የሚጽፈው። አንዳንዶች ቀለዱብን፤ ግን ያ ወረቀት ዜሮ ሲጻፍበት የማያይ ሰው የለም። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ሳምንት ተመርጦ ከእሑድ እስከ ዓርብ በባዶ ፎልደር ይፈታል። ማየት የምትፈልጉ መምጣት ትችላላችሁ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀመራል። መቅረጸ ድምፅ የምትወስዱ ደግሞ እባካችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ፤ በጀርባው ላይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ።

የአባባን ድምፅ በተመለከተ፣ የቀረን አንድ ተስፋ የመቅረጸ ድምፁ ሚሞሪ ካርድ ነበር። ከኔ በኋላ የወሰደው ተማሪ ቦታ ለማስለቀቅ ሁሉንም አጥፍቶ የራሱን ቀድቶበታል። ፋይል ሲጠፋ ግን የሚሰረዘው በማውጫው ላይ ያለው ምዝገባ እንጂ ድምፁ ራሱ ወዲያው አይደለም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ካርዱን አውጥተን፣ ቅጂውን ወስደን፣ ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም አስፈለግን። ፕሮግራሙ ማውጫውን ትቶ የፋይል መነሻ የሚመስለውን እየለየ ያወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። የ31 ደቂቃው ተገኘ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የ18 ደቂቃው መነሻ ላይ ግን አዲሱ ተማሪ ቀድቶበታል፤ መነሻው ከሌለ ፕሮግራሙ አይለየውም።

ድምፁን በፍላሽ ይዤ ለልጃቸው ወሰድኩላቸው። ከቡናው በኋላ ያለው ነው፤ የሲኒ ድምፅ አለበት። እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያ "መጀመሪያውስ?" አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ሰዓቱንም ሰርቨሩንም። የመጀመሪያውን 18 ደቂቃ ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ የቻልኩትን ያህል ጽፌ በሚቀጥለው ሳምንት አደረስኩላቸው፤ አራት ገጽ ሆነ።